መጨረሻው አይታመንም!

የፊልም ቴሌግራም ቻናል የሚከታተል ሰው ይቺን ዐረፍተ ነገር ያውቃታል፦ «መጨረሻው አይታመንም!» ፖስተር ይለጠፋል፣ ከሥሩ የደነገጡ ፊቶች ኢሞጂ ይደረደራል፣ ከዚያ እሷ ትመጣለች። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አይነገረንም። ማን እንዴት እንደተወነም አይነገረንም። መጨረሻው ካስደነገጠ በቃ፣ ይታያል።

እኔም በዚችው ዐረፍተ ነገር ተይዤ ነው «ሸት ኢን»ን የከፈትኩት። የ2016 ፊልም ነው። ዋና ተዋናይዋ ናኦሚ ዋትስ ናት። ሁለቱ ልጆች ደግሞ የ«ሩም»ን ሕፃን የተጫወተው ጄኮብ ትሬምብሌይና ከ«ስትሬንጀር ቲንግስ» የምናውቀው ቻርሊ ሂተን ናቸው። ሐኪሙ ኦሊቨር ፕላት ነው። ይህን የስም ዝርዝር አይቶ የሚጠራጠር ሰው አለ? እኔ አልጠረጠርኩም። አየሁት። እውነትም መጨረሻው አይታመንም፤ ችግሩም እሱ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፦ መጨረሻውን እነግራችኋለሁ። «አበላሸህብኝ» የሚል ካለ፣ ሠሪዎቹ ቀድመውኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሜሪ የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። የምትኖረው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ከከተማ ርቆ በረዶ በከበበው ቤት ውስጥ ነው። ባሏ፣ ያስቸገራቸውን የእንጀራ ልጇን ስቲቨንን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲነዳ በመኪና አደጋ ይሞታል። ስቲቨን ይተርፋል፤ ግን አይንቀሳቀስም፣ አይናገርም። ከስድስት ወር በኋላ ሜሪን የምናገኛት ይህን ጎረምሳ ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ዊልቸር ላይ ስታስቀምጥ ነው። መሐል ላይ ቶም የሚባል፣ መስማት የተሳነው ትንሽ ታካሚዋ በሌሊት ቤቷ ይመጣና ይጠፋል። በረዶው ይጠነክራል። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ይሰማል። ሜሪ አእምሮዋን መጠራጠር ትጀምራለች።

ይህን የመጀመሪያውን ክፍል ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። ታስቦበት አይደለም። ላፕቶፔን ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼ እያየሁ ነበር፤ እሷ እዛው ሶፋ ላይ ምስር ትለቅማለች። ስትጠይቀኝ እተረጉምላታለሁ፣ ሳትጠይቀኝ ዝም እላለሁ። አያቴ በስትሮክ ከወደቀች በኋላ ዓመት ከሁለት ወር አልጋ ላይ ነበረች፤ ያስታመመቻት እናቴ ናት። እኔ ያኔ ክፍለ ሀገር፣ ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ ነበር። ለዕረፍት ስመጣ ነው የማየው፦ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ አንሶላ መቀየር፣ በማንኪያ አጥሚት፣ እንደገና ማገላበጥ። እናቴ ያን ጊዜ ሙሉ እንቅልፍ ተኝታ ታውቅ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

«ይቺ ሴትዮ ወገቧን ያማታል» አለች፤ ዓይኗ ትሪው ላይ ነው።

ፊልሙ ስለ ወገብ ያለው ነገር የለም። እናቴ ያየችው ዋትስ ልጁን ስታነሳው እንዴት እንደቆመች ነው።

ቀጥሎ ሜሪ ስቲቨንን ገንዳ ውስጥ እያጠበችው እያለ ወደ ውሃው ስትደፍቀው እናያለን። ትባንናለች፤ ሕልም ነው። እናቴ ትሪውን አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይታ፦ «ይመጣል እኮ እንዲህ ያለ ሐሳብ» አለች። «እኔም አንድ ሌሊት ‹ምነው በወሰዳት› ብዬ፣ ጠዋት ተነስቼ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጃለሁ።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። አያቴ ከሞተች ስንት ዓመቷ። አንድ ተዋናይት፣ በማላውቀው አገር በረዶ ውስጥ፣ ፊቷን ብቻ ይዛ እናቴን ይህን አስወጣቻት። እዚህ ጋ ፊልሙን ባቆመው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ምስጋና ነበር።

አላቆምኩትም።

ትዊስቱ ይኸውላችሁ። ስቲቨን አልታመመም። ሽባ መስሎ ነው ለወራት የከረመው። ሜሪን መድኃኒት እየሰጠ የሚያደነዝዛት እሱ ነው፤ ትንሹን ቶምን ቤቱ ውስጥ የደበቀውም እሱ ነው። ምክንያቱ? የእንጀራ እናቱን አፍቅሯል፤ ለብቻው ሊይዛት ይፈልጋል። ሐኪሙ የደሟን ምርመራ ውጤት አይቶ ይነቃና በማዕበሉ ውስጥ እየነዳ ይመጣል፣ እንደደረሰም ይገደላል። ከዚያ ሩጫ፣ ጩኸት፣ የቀዘቀዘ ሐይቅ። ሜሪ ስቲቨንን ትገድለዋለች። በመጨረሻም ቶምን በማደጎ ልትወስድ ትሄዳለች። አንዱ ልጅ ተቀበረ፣ ሌላ ልጅ ተገኘ፣ አለቀ።

እናቴ ስቲቨን ተነስቶ ሲሮጥ አየችና ሳቀች። «ስድስት ወር የተኛ እግር እንዲህ አይሮጥም» አለች። ምስሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ አልተመለሰችም።

እኔ ግን ተናደድኩ። የተናደድኩት የሕክምና ስህተት ስላገኘሁ አይደለም። ፊልም ዶክመንተሪ አይደለም፤ ሙት ሲነሳ አይተን አጨብጭበን እናውቃለን። የተናደድኩት ፊልሙ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ከፍቶ፣ ጥያቄው ሲከብደው ስለሸሸ ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፦ የምትወደውን ሰው እያስታመምክ «ምነው በሞተ» ብትል አንተ ማነህ? ክፉ ነህ? ደካማ ነህ? ሰው ነህ? ይህ ከማንኛውም መንፈስ ይልቅ የሚያስፈራ ጥያቄ ነው፤ በየቤታችን በር ዘግቶ የተቀመጠ ጥያቄ ነው። ትዊስቱ ምን መለሰ? «አይዞሽ፣ ልጁ እኮ አልታመመም፣ ጭራቅ ነው» አለ። የሜሪ ጥፋተኝነት በአንድ ደቂቃ ተሰረዘ። ጭራቅን መጥላት ኃጢአት አይደለማ! እንግዲህ ከገንዳው ሕልም ያተረፍነው ነገር የለም። እናቴ የነገረችኝም ከአየር ላይ ቀረ።

በዚህ ላይ ሁለት አካል ጉዳት ያላቸው ልጆች እንዴት ጥቅም ላይ እንደዋሉ ተመልከቱ። አንዱ የማይንቀሳቀስ ነው፤ እሱ አስመሳይ ሆኖ ይገኛል። ሌላው መስማት የተሳነው ነው፤ መስማት አለመቻሉ ደራሲዋን የሚጠቅማት ሚስጥሩን እንዳያወጣ ነው። የአንዱ ዝምታ ወጥመድ፣ የሌላው ዝምታ ቁልፍ። ሁለቱም ሰው አልሆኑም። እኛ አገር አካል ጉዳት ያለበትን ሰው «እያስመሰለ ነው» ብሎ የሚጠረጥር አፍ ሞልቷል፤ ለዚያ አፍ ተጨማሪ ማስረጃ ከሆሊዉድ ማስመጣት አያስፈልግም ነበር።

አሁን ወደ ተዋናዮቹ ልምጣ።

ናኦሚ ዋትስ ማን ናት? የዴቪድ ሊንችን «ማልሆላንድ ድራይቭ» (2001) ያየ ሰው የኦዲሽኑን ትዕይንት አይረሳውም። ገጸ ባሕርይዋ አንድን ተራ ንግግር መጀመሪያ ቤት ውስጥ ስትለማመደው ርካሽ የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል። ከዚያ እዚያው ንግግር፣ እዚያው ቃላት፣ ኦዲሽኑ ላይ ስትለው ክፍሉ ይተኮሳል፤ የሚያዳምጧት ሁሉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከባዶ ወረቀት ላይ እሳት ማውጣት የምትችል ሴት ናት። በ«21 ግራምስ» እና በ«ዘ ኢምፖሲብል» ለኦስካር የታጨችው በነፃ አይደለም። እዚህ ግን ከግማሽ በኋላ የተሰጣት ሥራ ባትሪ ይዞ በጨለማ ኮሪደር መሄድ፣ መደንገጥ፣ መባነን፣ እንደገና መሄድ ነው። ፊልሙ በደከመ ቁጥር ያስደነግጠንና «ሕልም ነበር» ይለናል። አንዴ እሺ። ሦስተኛ ጊዜ ግን ስድብ ነው።

ትሬምብሌይ በ«ሩም» (2015) ዓለምን በአንድ ሕፃን ዓይን አሳይቶናል፤ ያ ፊልም የቆመው በእሱ ድምፅና ጥያቄዎች ላይ ነው። በዓመቱ ያንኑ ልጅ አምጥተው ድምፅ የሌለው ሚና ሰጡትና ደበቁት። ሂተን ደግሞ የፊልሙን ትልቅ ክፍል እንደ ዕቃ ተቀምጦ ያሳልፋል፤ ሲነሳ በአንዴ የሚጮህ እብድ ይሆናል። መሐል ላይ ሰው የሚሆንበት ደቂቃ አልተጻፈለትም። ፕላትም በቪዲዮ ጥሪ ሲያወራ ቆይቶ በበረዶ ውስጥ ነድቶ ለመሞት ብቻ ይመጣል። «ዘ ሻይኒንግ»ን (1980) ያያችሁ ይህን ሰውዬ ታውቁታላችሁ፤ እዚያም አንድ ደግ ሰው በማዕበሉ መጥቶ በሩ ላይ ያልቃል።

«ደራሲዋ አትችልም» እንዳልል ደግሞ ትችላለች። ክርስቲና ሆድሰን ናት፤ በኋላ «በምብልቢ»ን (2018) የጻፈችው። የ«ሸት ኢን» ስክሪፕትም በ2012 ሆሊዉድ ውስጥ ገና ያልተሠሩ የተወደዱ ስክሪፕቶች በሚሰበሰቡበት «ብላክ ሊስት» ውስጥ ገብቶ ነበር። ማለትም ወረቀት ላይ ያነበቡት ባለሙያዎች ወድደውታል። ይገባኛል። ትዊስት በወረቀት ላይ ያምራል። በሁለት መስመር ተናግረኸው ሰው «ኧረ!» ይልሃል። እዚህ ጋ ነው ሥራዬ ትዝ የሚለኝ።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምጽፈው። በኛ ሥራ ዴሞ የሚባል ክፉ ነገር አለ። ለደንበኛ የምታሳየው ነገ ጠዋት ነው፣ ሲስተሙ አላለቀም፤ ስለዚህ መልሱን ኮዱ ውስጥ በእጅህ ትጽፈዋለህ። ደንበኛው አንዷን ቁልፍ ሲጫን ትክክለኛው ቁጥር ይመጣል። ይጨበጨባል። ደንበኛው ሁለተኛ ቁልፍ ከተጫነ ግን አለቀልህ። እኔም ይህን አድርጌ አውቃለሁ፤ ጭብጨባውንም፣ ከሳምንት በኋላ የመጣውን ስልክም አስታውሳለሁ።

«ሸት ኢን» ዴሞ ነው። አንዴ ብቻ እንዲሠራ የተሠራ። የትዊስት ፊልም ፈተናው ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ነው። «ዘ ሲክስዝ ሴንስ»ን (1999) መጨረሻውን አውቃችሁ ተመልሳችሁ እዩት፤ እያንዳንዱ ትዕይንት ሁለተኛ ትርጉም ያወጣል፣ ሐዘኑም ይጨምራል። «ሸት ኢን»ን ተመልሳችሁ ስታዩ የሚጨምረው ጥያቄ ብቻ ነው። ይህን ልጅ ሐኪም አላየውም? ነርስ አልመጣም? ጡንቻው አልሟሸሸም? እናቴ ምስር እየለቀመች ያገኘችውን ቀዳዳ፣ ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰዎች እንዴት አላዩትም?

የሚያናድደው መፍትሔው አጠገባቸው መሆኑ ነው። ሂችኮክ ለትሩፎ በሰጠው ቃለ መጠይቅ ያስረዳው ነገር አለ፤ ሲኒማ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ያወራሉ፣ በድንገት ከሥር ቦምብ ይፈነዳል፤ ተመልካች ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል። ነገር ግን ቦምቡን አስቀድመህ ካሳየኸው፣ ያው ተራ ወሬ ለደቂቃዎች ያስጨንቀዋል። እንግዲህ አስቡት። ፊልሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ፣ ሜሪ ፊቷን ስታዞር የስቲቨን ጣት ስትንቀሳቀስ ብናይስ? ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ፀጉር ማበጠር እንዴት እናየው ነበር? ዋትስ የምትሠራው ያው ነው፣ አንድ ብር አይጨምርም፤ እኛ ግን ወንበራችንን ጨብጠን ነበር። ሂተንም ያኔ ይተውን ነበር፤ ዝም ብሎ የሚዋሽ ፊት ለአንድ ወጣት ተዋናይ ምን ያህል ስጦታ ነው! ይልቅ ሚስጥሩን ደበቁትና ስጦታውን አብረው ቀበሩት።

ሚስጥር ሳይደብቁ ማስጨነቅ እንደሚቻል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ ላይ ከዓለም አቀፍ ድራማዎች የተመልካች ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ልጅቷ ተጠልፋ ጠላፊዋን እንደምትገድለው ገና ከመነሻው እናያለን። የሚደበቅብን ነገር የለም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ምክንያቱም የምንጠብቀው ማን ምን እንደሠራ ሳይሆን ሰው ምን እንደሚፈረድበት ነው።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ሁለት መልስ ሰጠኝ። ሁለቱንም የምታውቋቸው ናቸው።

የመጀመሪያው፦ «በጀት እኮ የለውም፣ ምን ይጠበቃል?» የ«ሸት ኢን» በጀት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። በሆሊዉድ ሂሳብ ትንሽ ነው፤ በኛ ሂሳብ ቁጥሩን ወደ ብር መቀየር ራሱ ያዞራል። ግን ይሁን፣ ትንሽ ነው እንበል። የጄኒፈር ኬንት «ዘ ባባዱክ» (2014) የተሠራው ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። እዚያም ባሏን በመኪና አደጋ ያጣች ሴት አለች። እዚያም አንድ ቤት፣ አንድ አስቸጋሪ ልጅ፣ እንቅልፍ ያጣች እናት። ልዩነቱ ኬንት ከጥያቄው አልሸሸችም። እናትየዋ ልጇን የምትጠላበት ሰዓት እንዳለ ፊት ለፊት አሳየችን፤ ይህን የተሸከመችው ኤሲ ዴቪስ ደግሞ ከዋትስ ያነሰ ዝና ያላት ተዋናይት ናት። ጭራቁም መጨረሻ ላይ አይሞትም። ምድር ቤት ውስጥ ይኖራል፣ እናትየዋም ትል እየሰበሰበች ትመግበዋለች። ሐዘንና ጥላቻ እንደዚህ ነው፤ ገድለኸው ወደ ማደጎ ቢሮ አትሄድም፣ እየመገብከው አብረኸው ትኖራለህ። የጄምስ ዋርድ በርኪት «ኮሂረንስ» (2013) ደግሞ ወደ 50 ሺህ ዶላር ነው የፈጀው፤ በዳይሬክተሩ በራሱ ቤት፣ በአምስት ሌሊት ተቀረፀ። የእራት ጠረጴዛና ስምንት ሰው ብቻ ይዞ አእምሮ ያዞራል። ታዲያ ገንዘብ ነው የጎደለው? ጥያቄን እስከ መጨረሻው የመያዝ ድፍረት ዋጋው ስንት ነው?

ሁለተኛው መልስ፦ «አንተ ደግሞ አታካብድ፣ ዋናው መዝናናት ነው።» እሺ፣ እዝናናለሁ። እኔም ከሥራ ደክሜ ገብቼ የማይረባ ፊልም አይቼ ስቄ የምተኛበት ቀን ብዙ ነው። መኪና ከአውሮፕላን ሲዘል አላካብድም። ግን መኪና የሚያዘልል ፊልም የእናቴን ቁስል አይነካም። «ሸት ኢን» ነክቶታል። ሰውን ማስታመም ምን እንደሆነ አሳይቶ፣ የደከመችውን ሴት ፊት አቅርቦ፣ እመኑኝ ብሎን ነው የጀመረው። አመንነው። እምነታችንን ለአንዲት ድንጋጤ ሸጠው። ከፍቶ የነካ ፊልም የመዝጋት ግዴታ አለበት።

እና እኛ? እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ፊልምን በመጨረሻው ብቻ የምንመዝነው እኛ ነን። «ትዊስት አለው?» ብለን የምንጠይቀው፣ ከሌለው የማናየው እኛ ነን። ይህ ልማድ ተመልካች ላይ ብቻ አይቀርም፤ ነገ ካሜራ የሚይዙት እዚሁ ቻናል ውስጥ ያሉት ልጆች ናቸው። በአንድ ካሜራ፣ በተበደረ ሳሎን፣ ጎበዝ ተዋናይ በነፃ ለምነው የሚሠሩ። እነዚህ ልጆች ከኛ የሚማሩት «መጨረሻው ያስደንግጥ እንጂ ሌላው ግድ የለም» የሚለውን ከሆነ፣ ያን የተለመነ ተዋናይ በጨለማ ኮሪደር ባትሪ አስይዘው ያስሮጡታል። ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው ትልቁ ሀብቱ የተዋናዩ ፊት ነው። ፊት ይከፈትለታል እንጂ አይደበቅም።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። በሚቀጥለው ጊዜ ፊልም ስትለጥፉ «መጨረሻው አይታመንም» አትበሉን። ሰውየው ምን አጥቶ ምን እንደፈለገ፣ ተዋናይቷ የቱ ጋ እንዳስለቀሰቻችሁ አንድ መስመር ጻፉልን። መስመሩን መጻፍ ካቃታችሁ፣ ምናልባት ፊልሙ ባዶ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ላይ እናቴ ድንገት፦ «ያቺ የትናንቷ ሴትዮ ግን፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስታስታምም የሚያግዛት ሰው አልነበራትም?» አለችኝ።

አልነበራትም፣ አልኳት። ፊልሙ ይህን ጠይቆ አያውቅም። እኔም ያኔ አልጠየቅኩም።